ሠላሳ ሰው ለመንገድ ሥራ

እንግሊዞች የኒጀርን ወንዝ ተሻግረው ኡሙኦቻ መንደር ገብተው «አለቃችሁ ማነው?» ሲሉ መንደሩ አለቃ የሚባል አያውቅም ነበር። ነገር የሚቆርጡት ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱም፣ ነጩ ሰው አለቃን የሚፈልገው ሊያስረው ነው ብለው፣ ቦዬ የሚባለውን ዋና ምግባቸውን፣ ሥራ ሥሩን፣ በሚያከማቹበት በየጎተራቸው ተሸሸጉና ኢዌካን ገፍተው አወጡት፤ ቢታሰር ማንም የማያለቅስለት ድሃ ነበር። ነጩ ግን አላሰረውም፤ ሾመው።

ይኸው ሰባት ዓመቱ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ የሰው ፍየል በልቷል፤ ይህን አልሸሽግለትም። ዛሬ ግን ጨንቆታል። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል፤ በዚህ ሳምንት ቦዬው ካልተተከለ የከርሞው ረሃብ ነው። እንግሊዛዊው የወረዳው ገዥ ደግሞ «ነገ ለመንገድ ሥራ ሠላሳ ሰው አቅርብ» ብሎታል።

ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

«ጎረምሶቹን መርጠህ ጨረስክ?» አለው ታላቃቸው ኦፎማታ። «የማንን ልጅ ማርክ? ፍየል የሰጠህን?»

እውነት ነውና አመመው።

«ጎረምሶቹ ቦዬ ይተክላሉ» አለ ኢዌካ። «መንገዱን የምንቆፍረው እኛ ነን።»

«እኛ ማን?»

«እኔና እናንተ፤ ሠላሳ እንሞላለን። ያን ጊዜ ጎተራ የገባችሁት።»

ሳቁበት። አንዱማ «እንግዲያው ወገቤን የሚያቃናልኝ ሰውም አብረህ እዘዝልኝ!» አለው።

«ነጩ ሠላሳ ሰው አለ እንጂ ዕድሜ አልጠየቀም። እምቢ ካላችሁ ብቻዬን እሄዳለሁ። ያስረኛል። ከዚያ መጥቶ ሌላ አለቃ አምጡ ይላችኋል። አሁንስ ማንን ልትገፉ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ኦፎማታ ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ተጣራ።

«ዶማዬን አውጪልኝ!»

በማግስቱ ገዥው የተሰለፉትን ሽበታሞች ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ሰው አምጣ ነው እንጂ ያልኩህ ሬሳ አምጣ አልኩህ? ይህን ያደረገው ማነው?»

ኢዌካ እጁን ለሰንሰለት አዘጋጅቶ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደ። አፉን ሳይከፍት ግን ኦፎማታ ዶማውን ተደግፎ ቀደመው።

«እኔ ነኝ» አለ። «የዚህ መንደር ታላቅ እኔ ነኝ።»

ገዥው መዝገቡን ገልጦ ስሙን ጠየቀው። ሽማግሌውም የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ጮክ ብሎ አስጻፈና መቆፈር ጀመረ።