ባሉጡ ላይ የተለጠፈው አጎቴ

የፓርኩ መርማሪ ኮሚቴ መድረስ የነበረበት ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ነበር፤ የደረሰው ራቁታቸውን ከሚዋኙ ሰዎች ዘንድ ነው።

መንገዱን የቀየስኩት እኔ ነኝ። ከከተማችን ጫፍ ይነሳል፣ በባሉጥ ጫካው ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ አሸዋው ላይ በበቀሉት ነጫጭ አበቦች መሃል አድርጎ ባሕሩ ላይ ይወጣል። በየዛፉ ነጭና ቀይ ምልክት ቀብቻለሁ፣ መገንጠያው ላይ ባለው ብቸኛ የባሉጥ ዛፍ ላይ ደግሞ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ትልቅ ቀስት። የፓርኩ ሕግ ግልጽ ነው፤ አዲስ መንገድ ከመከፈቱ በፊት መርማሪዎቹ ያለ መሪ፣ ምልክት ብቻ እየተከተሉ ይሄዱበታል። ካለፈ የመንገዱ ጠባቂ ሆኜ እቀጠራለሁ። ካላለፈ ቡርጋስ ከተማ ተመልሼ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። አራት ዓመት ሥነ ምሕዳር የተማርኩት ለዚያ አልነበረም።

ሐብሐብ ወንዙ ውስጥ ነክሬ ጠበቅኋቸው። ሁለት ሰዓት ዘግይተው፣ ባልጠበቅሁት አቅጣጫ፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው መጡ። የኃላፊያቸው የኢንጂነር ራንጌሎቭ ፊት ቲማቲም መስሏል። ከዋናተኞቹ መካከል የልጁን የሒሳብ አስተማሪ አግኝቶ ኖሯል፤ ሴትየዋም ጨዋ ስለሆነች ከተኛችበት ተነስታ ጨብጣዋለች።

«መገንጠያው ላይ ምልክት የለም» አለኝ።

«አለ። ባሉጡ ላይ።»

«ባሉጡ ላይ ያለው አንድ ሽማግሌ ነው።»

ያኔ ገባኝ። አጎቴ ስታማት ከሞተ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ አክስቴ ኮምና ፎቶግራፉ ያለበትን የሙት ዓመት ወረቀት በየቦታው ስትለጥፍ ሰንብታለች። በራቸው ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ አሁን ደግሞ ቀስቴ ላይ። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየበጋው፣ ከምሳ በኋላ «ባሉጡ ሥር ነፋስ ልቀበል» እያለ ይወጣ ነበር።

ራንጌሎቭ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና እንሄድበታለን አለ። እስከዚያ ወረቀቱ ካልተነሳ መንገዱ ዘንድሮ አይከፈትም። ታዲያ እርስዎ ለምን አላነሱትም ስለው እናቴ ታማለች፣ የሙት ወረቀት ያነሳ ሰው ቤት ሞት ይገባል ይባላል ብሎኝ ዞር አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ዋናተኞቹ ያሉበት ዓለት ጋ ካርታ የሚጫወቱ፣ ከዋና ከተማዋ ከሶፊያ የመጡ ሽማግሌዎች «ስታማት የት ጠፋ? ከአምና ጀምሮ አንድ ሰው ጎድሎብናል» ብለው ጠይቀውት ነበር። ይኸው የወረቀቱ ሰውዬ ይሆን?

መገንጠያው ድረስ ሄጄ ጥፍሬን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩና እጄን መልሼ ሰበሰብኩ። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን የሙት ወረቀት የሚያነሳው ዝናብ ነው፣ አለዚያም የለጠፈው ሰው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ነገም ዳቦ ቤት መሰለፌ አይቀርም።

አክስቴ ወጥ ቤት ስገባ ትናንሽ ዓሣ በዱቄት እየለወሰች ትጠብሳለች። ጠረጴዛው ላይ ከሙት ዓመቱ የተረፈ የስንዴ ንፍሮ ስኳር እንደተነሰነሰበት ተቀምጧል። ዋናተኞቹ የት እንዳሉ ሳልጠቅስ ነገሩን ነገርኳት። በሒሳብ አስተማሪዋ ሳቀች፤ ወረቀቱን ግን አላነሳም አለች። ምልክትሽን ሌላ ዛፍ ላይ ቀቢ አለችኝ። መገንጠያው ላይ ሌላ ዛፍ የለም አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ወዲህ ከሰው ይልቅ አበባ ነው የምታከብሪው አለችኝ።

«ስታማት እዚያ ዛፍ ሥር ሠላሳ ዓመት ብቻውን ተቀምጧል። አንቺ ለሐብሐብ በላተኞችሽ ብለሽ ታስነሺዋለሽ?»

ላለመናገር አስቤ ነበር። ሰዓቴን አየሁ። አርባ ደቂቃ ቀርቶኛል።

«ብቻውን አልነበረም። ከባሉጡ በስተግራ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ?»

«ወደ ዓለቶቹ የሚወርደውን? ምን አለ እዚያ?»

«እነዚያ ራቁታቸውን የሚዋኙት ሰዎች። ከዋና በኋላ ካርታ ይጫወታሉ። ዛሬ ስታማት የት ጠፋ ብለው ጠይቀዋል።»

ማንኪያዋን ምጣዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

«ለዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቀመጫው እንደ ፊቱ ጠቁሮ የሚገባው። ስጠይቀው የባሕር ፀሐይ በሱሪ ውስጥ ያልፋል ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩት።»

ሽርጧን ፈታ ወንበሩ ላይ ወረወረችው፤ የሙጫውን ቆርቆሮና መፋቂያ ቢላዋዋን ከመደርደሪያው አወረደች።

«ልታነሺው ነው?»

«ወንዙ ጋ አዛውረዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አበባ ይይ።» በቢላዋው ወደ ምጣዱ ጠቆመችኝ። «አንቺ ዓሣውን ገልብጪ። እንደ አጎትሽ ሁለቱም በኩል እኩል ይጥቆር።»

ወጣችና በሩን የመስኮቱ መስተዋት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዘጋችው።