ግልብጡ በር

«ቁጥር ተሳስተዋል፤» ብሎ ስልኩን ጠረቀመው።

አልተሳሳቱም። ድምፁ የዚያ የፊልም አዘጋጅ ነበር፤ ቢያረጅም በሕልሙ ቢመጣበት ይለየዋል። «ዛሬ ከሰዓት የእኛን ፊልም ሊያሳዩት ነው፤ እባክህ እየው» ነው ያለው። የእኛ አለ ደግሞ።

በወጣትነቱ፣ ለቴሌቪዥን በተሠራ አንድ ፊልም ላይ የሚታየውን ቤት ያቆመው እሱ ነበር፤ አናጢ ነው። በጥድፊያ የፊት በሩን ገልብጦ ገጠመው፤ ወደ ውስጥ መከፈት ሲገባው ወደ ውጭ። አዘጋጁ ሰው ሁሉ ፊት «አንተ ግልብጥ» አለው። ስሙ እንደ መዥገር ተጣበቀበት፤ ሟች ሚስቱ ሳትቀር እየሳቀች በዚያው ትጠራው ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ስም ሲዘረዘር ሻይ የምታፈላዋ ሴት እንኳ ስትጠቀስ፣ እሱ «ሌሎችም» ውስጥ ገባ። ፊልሙ አንዴ ታይቶ ተረሳ። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ፤ ቂም ይዞ ፊልም ማየትም አይሆንም። ያኔ ስሙን ብቻ ሲጠብቅ ፊልሙን አላየውም።

እንዲያም ሆኖ ከሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ እግሩ የወለቀ በርጩማ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺን ቢመቱልኝ... ውይ፣ ጥቁርና ነጭ? ከሞቱት ጋር ነው እንዴ የሚውሉት?»

«ከእነሱ ሌላ ማን ይመጣል ብለሽ።»

«እኔ መጣሁ አይደል?»

«አንቺማ የመጣሽው ለበርጩማሽ ነው።»

ሳቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ያባረረው ልጁ ተመልሶ በር ያንኳኳል። ሽማግሌው እጀታውን ይዞ ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ከፈተ። በሩ ወደ ውጭ ሲወረወር ደጃፉ ላይ የቆመውን ልጅ አንድ ደረጃ ወደ ታች መለሰው። አባትየው የገዛ በሩ ልጁን ሲገፋበት አየ፤ ያኔ እጁን ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠረገች።

«አይ አባት። ሊያስገባው ሲከፍት እንኳ ገፋው። ይሄን በር ያሰበ ሰው ልብ ያለው ነው።»

«ያሰበው የለም። ስሕተት ነው።»

«ታዲያ ለምን አላስተካከሉትም?»

ያኔ በሩን ነቅሎ ሊመልሰው መዶሻውን ይዞ ሲሄድ አዘጋጁ «ተወው» ብሎት ነበር። እሱ ንቀት ነው ብሎ ያዘው።

ስም ዝርዝሩ መውረድ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን አጠፋ። «በርጩማሽን ነገ ውሰጃት፤» አላት።

እሷ ስትወጣ ስልኩን አንስቶ መልሶ ደወለ። ከወዲያ ሳል ቀደመ።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

«ግልብጥ ነኝ፤» አለ።