አራተኛው ምስማር

ቸር... ቸር... ቸር።

ጥፍር እንጨት ሲቧጥጥ ነው። ድምፁ ከጓሮ መጥቶ ለቅሶ ቤቱን ዝም አሰኘው። ለእንግዶች ሻይ ሲቀዳ የነበረው የሟቹ ልጅ ቴርሞሱን እንደያዘ ቀጥ አለ።

«ሻምበል ነው» አለች ባለዶሮዋ ጎረቤት በመስኮት አጮልቃ። ሻምበል የሟቹ አናጢ ውሻ ነው። «ይኸው ሦስት ቀኑ፣ እህል አልቀመሰም። ጌታውን እየፈለገ! ከሰው ውሻ ይሻላል መባሉ ለካ እውነት ነው።»

«የኔ ባል ሲሞት እንኳን ውሻው፣ የገዛ ወንድሙም አልመጣ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው። ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ልጁ አልሳቀም። ሻምበል የሚቧጥጠው የቤቱን በር ሳይሆን የአጥሩን ሥር ነው። የሚፈልገውም ሌላ ነው።

አንዲት ቀበሮ ጓሮውን የለመደችው አባትየው ጤነኛ ሳለ ነበር። ሻምበል በመጀመሪያው ቀን ጮኸባት፣ በማግስቱ አኮረፈ፣ በሳምንቱ ግን አጥንቱን ትቶላት ዘወር ብሎ ተቀመጠ። በዚህ የአናጢው ልብ ተማረከ። መጋዙን አንሥቶ ከአጥሩ ሥር ቀዳዳ አበጀላት፤ ጆሮዋን እንዳይጭራት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አለሰለሰው።

«ለኔ ቁም ሣጥን እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም» ስትለው ሚስቱ፣ «አንቺ ጆሮሽ አጭር ነው» ይላታል።

አልጋ ከያዘ በኋላ መዝናኛው ይኸው ሆነ፤ ውሻና ቀበሮ በእንጨት ፍቅፋቂ ክምር ላይ ሲላፉ በመስኮት ማየት።

ከዚያ ባለዶሮዋ መጣች። «አባትህ ቀበሮ የሚቀልበው በኔ ዶሮ ነው?» ብላ ደጃፍ ላይ ጮኸች። ልጁ ጠብ አይወድም። አባትየው ሲያሸልብ ጠብቆ ቀዳዳውን በጣውላ ደፈነው።

«ምን ነበር የምትመታው?» አለው አባቱ ሲገባ።

«የወንበር እግር ነው፣ አባዬ።»

አናጢው «እሺ» አለ።

ቀበሮዋ ሁለት ቀን ከውጭ ቧጥጣ ቀረች። አባትየው ግን እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ይጠይቃል።

«እንግዳችን መጣች?»

«መጥታ ነበር። ተኝተህ አመለጠችህ።»

«ደግ።»

አሁን ባለዶሮዋ የሻይ ብርጭቆዋን እያሽከረከረች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኔ ልጅ፣ ያኔ በከንቱ ጮህኩብህ። ዶሮዬን ስትጨርስ የነበረችው የገዛ ድመቴ ናት። ትናንት ላባው በአፏ እንዳለ ያዝኳት።»

ልጁ ቴርሞሱን መሬት ላይ አስቀመጠ። የአባቱን መዶሻ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ሻምበል ፈቀቅ አለለት። አንዱን ምስማር ነቀለ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

«አራተኛው ያስቸግርሃል» አለች እናቱ ከኋላው። «ጎብጧል።»

«በምን አወቅሽ?»

«አባትህ ነግሮኝ ነዋ። ያን ቀን አልተኛም ነበር፤ የመዶሻህን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ‹ስስ ጣውላ ነው፤ አራተኛውን አጎበጠው› አለኝ።»

ልጁ መዶሻውን አወረደ። «ታዲያ ለምን በየቀኑ ‹መጣች?› ይለኛል? እማዬ... ለምን?»

እናቱ ጎንበስ ብላ ጣውላውን በእጇ ያዘችለት፤ ምስማሩ እየጮኸ ወጣ።

ሻምበል ቀዳዳውን አሸተተ። ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ሾለከ፤ የለሰለሰው ጠርዝ ጆሮውን እንኳ አልነካውም።

«ሻምበል!» አለ ልጁ።

ውሻው ዞር ብሎ አላየም። ልጁ እዚያው እንደተንበረከከ የጎበጠውን ምስማር በጣቶቹ ሊያቀናው ይታገላል።