ጀሶ ውስጥ የቀረው ብሩሽ

ብሩሹ ጀሶው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ።

ጥፋቱ ይኸው ነው። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ በጀሶ ታሽጎ ነበር። ውስጡን ሲበላት፣ ሲበላት፣ መታገሥ አቃታትና ፊደል የምትጽፍበትን ቀጭን ብሩሽ በእጀታው በኩል ሰደደችበት። ሲያክላት ዐይኗን ጨፍና ቃተተች፤ ደስታው እንባ አመጣባት። ከዚያ ቀጭ አለ። ስታወጣው እጇ ላይ የቀረው ጸጉሩና ቆርቆሮው፣ ከእንጨቱም ቁራጭ ብቻ ነበር። የቀረው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የሆነ ቦታ ሄዶ ተቀርቅሯል። ስንት ዓመት ቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ሲጠጣ የኖረ እንጨት እንደ ደረቅ ዳቦ ነው የሚሰበረው። ይህን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የታፔላ ጸሐፊ ናት። በእጇ ብቻ ቀጥ አድርጋ ስለምታሰምር የሥራ ጓደኞቿ «ማስመሪያ» ይሏታል። የአንድ ፎቶ ቤት በር ላይ ወጥታ «ፎ»ን ጨርሳ ወደ «ቶ» ስትዞር መሰላሉ ከሥሯ ሸሸ፤ እሷ አስፋልቱ ላይ፣ «ፎ» ግድግዳው ላይ ቀሩ። ባለ ፎቶ ቤቱ ሆስፒታል ድረስ ደውሎ «እግዜር ይማርሽ» ካለ በኋላ በዚያው ትንፋሽ «ያቺን ‹ቶ› መቼ ነው የምትጨርሺልኝ? ሰው እየሳቀብኝ ነው» አላት።

ከሆስፒታል የወጣችው ወደ ታላቅ ወንድሟ ቤት ነበር። ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ አጋደሟት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወንድሟ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ጀሶውን ያስጎበኛል።

«በእቅፌ ነው ያወጣኋት፤ እንደ ሕፃን!» ይላል።

ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ጀሶውን እንደ ሐብሐብ በጣቱ ያንኳኳል፣ ከዚያ ተቀምጦ ስለ ራሱ የጨጓራ በሽታ ያወራል። ይህንንስ በቻለችው። ያንገሸገሻት ፖፖው ነበር፤ የወንድሟ ትንሿ ልጅ ያደገችበት፣ ጎኑ ላይ ዳክዬ ያለበት ፖፖ። የወንድሟ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትይዝላታለች። ዳክዬው ደግሞ በሥርዓቱ እንኳ አልተሳለም።

እዚያ ሶፋ ላይ ሆና ሁለተኛ ሰው እጅ ላይ ላትወድቅ ማለች። በክራንች መቆም የቻለች ዕለት «ቤቴ ውሰደኝ» አለች። ወንድሟ ተቆጣ፣ ተለማመጠ፣ አኮረፈ፣ በመጨረሻ ጣቱን ቀሰረ።

«እሺ ሂጂ። ግን አንድ ነገር ብትሆኚ፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ቁልፉን አስረክበሽ ወደ እኔ ነው። የቤቱን ባለቤት አነጋግሬዋለሁ። ክፍሉን ለአማቹ ይፈልገዋል።»

«እሺ» አለች። ምን ትበል?

ያቺ አንዲት ነገር ይኸው ጀሶዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሐኪም ቤት ልሂድ ብትል ደረጃውን የሚያወርዳት ወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ከሰማ ደግሞ ቤቷ ሄደ። ቤት ስትሉት ምኑም ቤት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ ምድጃ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ሽንት ቤት፣ መስኮቱ የጋራዥ ጓሮ የሚያይ። ግን በሩን ከውስጥ ስትቆልፈው «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት የለም። ይህን ለማግኘት ስንት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላለች። «ጀሶው ሲፈታ አብሮ ይወጣል» ብላ ራሷን አታለለችና ዝም አለች።

ሽታው ቀስ ብሎ መጣ።

መጀመሪያ በፍሳሹ አሳበበች። ዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ላይ በረኪና ደፋችበት። ቀጥላ በሾርባው አሳበበች። ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ጦሟን እንዳትውል እያሉ በፕላስቲክ ዕቃ ሾርባ ያመጡላታል። ሴትዮዋ እጃቸው ለጋስ ነው፤ ሾርባው ውስጥ ግን አንድ ክር አይጠፋም። አንዳንዴ ጥቁር፣ አንዳንዴ ሰማያዊ፤ የሰፉትን ሱሪ ቀለም ከሾርባቸው ማወቅ ይቻላል። ዕቃውን እያነሳች አሸተተች። ክር እንጂ ሌላ አልነበረበትም።

አይጥ ሞቶ ይሆናል አለች። በቂጧ እየተንፏቀቀች አልጋው ሥር ፈለገች። ያገኘችው አቧራ፣ የራሷ የጸጉር ድብልብልና ማን ከዓመት በፊት ጥሎት እንደሄደ ልታስታውሰው የማትፈልገው አንድ የወንድ ካልሲ ነበር። ካልሲውን በክራንቿ ጫፍ ስባ ልታወጣ ጎንበስ ስትል አፍንጫዋ ጀሶው አፍ ላይ ደረሰ።

የታቆረ ውሃ፣ የሰነበተ ላብ፣ ከሥሩ ደግሞ ጣፈጥ የሚል ነገር። አጠገቧ ያገኘችው የቀለም ጣሳ ነበርና እሱ ላይ አስታወከች። የራሷ እግር አስጠላት። ቆርጣ በመስኮት ብትወረውረውና የጋራዡ ሰዎች ጠርገው ቢጥሉት የምትጠላ አልነበረችም።

አፏን ጠርጋ ማሰብ ጀመረች፤ ያሰበችው ግን ሐኪም አልነበረም። የታፔላ ጸሐፊ ቤት አኳራጅ አኳራጅ ቢል ማን ምን ይላል? የአኳራጁን ቆርቆሮ ከፍታ አልጋው ሥር አኖረችው፤ ጨርቅ ነክራም ጀሶው አፍ ላይ ጠመጠመችው። ሠርቶላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሾርባ ይዘው ሲመጡ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጫን አድርገው «ይህ ቀለምሽ ሰው ይጨርሳል» ብለው ከበር ይመለሱ ጀመር። ሁለቱ ግማቶች እርስ በርስ ሲታገሉ ማስመሪያ መሃል ተቀምጣ ትዳኛለች። ዐይኗ ያለቅሳል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዳቦው ሁሉ ቀለም ቀለም ይላታል። ሰውነቷ ሲግል በአየሩ አሳበበች።

እሑድ ወንድሟ ብርቱካን በከረጢት ይዞ መጣ። ገና በሩን ሲከፍት ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

«ኧረ በሞትኩት! ምንድን ነው ይሄ? ቤት ነው ነዳጅ ማደያ?»

«ብሩሽ እያጠብኩ ነው ጋሼ።»

«ምን ጻፍሽና ነው የምታጥቢው?»

ወንድሟ መስኮቱን በረገደው፤ ቆርቆሮውንም በዳበሳ አግኝቶ ጥርቅም አድርጎ ከደነው። ለአፍታ ንጹሕ አየር ገባ። ከዚያ የታፈነው ብቅ አለ።

ወንድሟ ባለበት ደርቆ ቀረ። «ቆይ… ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ስላልደፋሁ ነው።»

«ይሄ የቆሻሻ ሽታ ነው? ሰው ገድለሽ ደብቀሽ ነው እንጂ!»

እጅጌውን ሰበሰበ። ቅርጫቱን ደፍቶ መጣ፤ ሽታው እንዳለ ነው። ማቀዝቀዣውን ፈተሸ፤ ሽታው እንዳለ ነው። ያን ካልሲ አገኘና በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ቋቅ!» አለ። «እንዲህ ነው ‹ብቻዬን እኖራለሁ› ማለት? ሰው የሚኖረው እንዲህ ነው? እኛ ቤት እንዲህ ነው ያደግሽው?»

ማስመሪያ ጥርሷን ነክሳ አንገቷን ደፋች። ግም ቢላት ይበላት፤ ግም መባል ከቤት አያስወጣም። ወንድሟ የሽንት ቤቱን ባልዲ ማጠብ ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ባዶ ዕቃቸውን ሊወስዱ ወጡ። ደረታቸው ላይ መርፌ እንደ ኒሻን ተደርድሯል።

«ደህና ዋላችሁ? አንተ ልጅ፣ ምን ታጥባለህ?»

«ቤቱ ገምቶ እትዬ፣ አያዩም?»

«የገማው ባልዲው አይደለም።» ቀጥ ብለው መጡና ከጀሶው ላይ ጨርቁን ሞሽልቀው አወጡት። ፊታቸው እንኳ አልተቋጠረም። «ይሄ የሥጋ ሽታ ነው። የባሌን እግር ስኳር ሲበላው ስንት ጊዜ አሽትቼዋለሁ። ልጄ፣ ምን ከተትሽበት?»

ወንድሟ እጁ አረፋ እንደያዘ ብቅ አለ። ማስመሪያ ሁለቱንም አየቻቸው። መዋሸቱ እጅ እጅ አላት።

«ብሩሽ» አለች።

«ብሩሽ?» አለ ወንድሟ። «የጥርስ?»

ሳቋ አመለጣት። «የታፔላ። ሲበላኝ አከክሁበት። ተሰብሮ ቀረ።»

ወንድሟ ጮኸ። «እግርሽ እየበሰበሰ ቀለም ማቅጠኛ ትቀቢዋለሽ? ሰው ነሽ አንቺ?» ይህ ልክ ነበር፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የመጣው ነው ያስጠላት። የደነገጠው ፊቱ ውስጥ ሌላ ነገር በራ፤ ክርክር የረታ ሰው ፊት። ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ሻንጣዋ ጋር ታገለና አወረደው፤ ያገኘውን ልብስ ይጠቀጥቅበት ጀመር።

«አበቃ! መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ እኔ ቤት። ለባለቤቱ አሁኑኑ እደውላለሁ። ብዬሽ ነበር! አላልኩሽም?»

በአንድ እጁ ይጠቀጥቃል፣ በሌላው የእሷን የሌሊት ልብስ አፍንጫው ላይ ይዟል።

«ጋሼ» አለች ማስመሪያ። «ሚስትህ ወጥ ቤት ያለችህን ሰምቻለሁ።»

እጁ ቆመ። «ምን አለች?»

«‹ፖፖ የምደፋው እስከ መቼ ነው?› አለችህ። አንተም ‹ታገሺ፣ አሁን ባስወጣት ሰው ምን ይለኛል› አልካት።»

ልብስ ሰፊዋ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ደክሟት ነው እኮ» አለ። «ክፉ ሰው አይደለችም።»

«መች ክፉ ናት አልኩ? እውነቷን ነው። የሰው ሽንት ማን ይወዳል? እኔም ብሆን እንደዚያው እላለሁ። ያቅለሸለሸኝ ያንተ መልስ ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ የገዛ ድምፅዋ ራሱ አቅለሸለሻት። እሷስ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ የተቀመጠችው ሰው እንዳያሸትባት አይደል? ሴትዮዋ ባይመጡ ነገም ቆርቆሮውን ከፍታ ልትተኛ ነበር። ወንድሟን በሰደበችበት አፍ ራሷን ሰደበችና ክራንቾቿን ሳበች።

«እትዬ፣ ያን ባለ ታክሲ ደንበኛዎን ይጥሩልኝ።»

«ይመጣል። ሱሪውን ገና አልሰጠሁትም፤ እምቢ አይለኝም» ብለው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እየለጠፉ ደረጃውን ወረዱ።

ወንድሟ ተነሣ። «ምን ታክሲ ያስፈልጋል? እኔ አለሁ አይደል?»

«አውርደህ የት ትወስደኛለህ?»

«ሐኪም ቤት ነዋ።»

«ከዚያስ?»

ሻንጣውን አየ። ብዙ ጥፋት አለበት፤ ዐይን እያየ መዋሸት ግን አይችልበትም።

«እንግዲያው በታክሲ እሄዳለሁ።»

«ደረጃውንስ? ሦስት ፎቅ እኮ ነው!»

«በቂጤ።»

«ሰው ያይሻል!»

«ይይ።»

«እግርሽን ቢቆርጡትስ?» ድምፁ ተሰበረ፤ እውነተኛ ነበር፤ ልቧን ሳብ አድርጎት አለፈ። «አስበሽዋል? ቢቆርጡትስ?»

አስባዋለች። አልጋው ሥር አይጥ ስትፈልግ በሐሳቧ በመስኮት የወረወረችው እግር አሁን የራሷ ሆኖ ታያት፤ ፈራች፤ መፍራቷንም ሊደብቅላት የሚችል የቀለም ሽታ አልነበረም።

«ቢቆርጡት በአንድ እግሬ እዚሁ እመለሳለሁ» አለች። «ለባለቤቱ ስትደውል ይሄን ንገረው።»

«ብትሞቺስ?»

«ያን ጊዜ አማቹ ይግባ።»

ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ያልለየለት ድምፅ አወጣ። ማስመሪያ ደህናው እግሯ ላይ ጫማዋን አጠለቀች። ስትቆም ክፍሉ ዞረባት፤ ግድግዳውን ተደግፋ እስኪረጋ ጠበቀች። ወንድሟ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ አፍንጫው ላይ የነበረው ልብስም ወደቀ። ሽታውን ሳይከልል ፊት ለፊት ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከግማቱ እግዜር ይወቅ።

«አትንካኝ» አለች፣ ግን ቀስ ብላ። «ይልቅ ልብሴን ወደ ነበረበት መልሰው። ባልዲውንም ጨርሰው፤ ጀምረኸዋል።»

«እንደ ሠራተኛሽ?»

«እንደ ወንድሜ።»

ከታች ጥሩምባ ተነፋ። ልብስ ሰፊዋ «መጥቷል!» ብለው ሕንፃው ሙሉ እስኪሰማ ጮኹ። ማስመሪያ ደፉን ተሻገረች፤ ክራንቾቿን በአንድ ብብቷ አጣምራ ያዘችና ወንድሟን ሻንጣው አጠገብ እንደቆመ ትታው በሩን በሌላው እጇ ጎትታ ዘጋችው።