የሚያቅታቸው ብቻ የተጻፈበት ደብተር

እትዬ የሚሏት ሕፃናቱ ብቻ አይደሉም፤ እናቶቻቸውም እትዬ ነው የሚሏት። ሥራዋ ትንንሽ ልጆችን ለመዋዕለ ሕፃናት ማዘጋጀት ነው። ፊደል ማስቆጠር እንዳይመስላችሁ! ኤዲያ፣ ፊደልማ የት ይሄዳል? እሷ የምታስለምዳቸው ተራ መጠበቅን፣ የተቀሙትን አሻንጉሊት ሳይነክሱ ማስመለስን፣ እናት በር ላይ ስትሰናበት አልቅሶ አልቅሶ መጽናናትን ነው።

ለየልጁ ደብተር አላት፤ አያያዙ ግን ለየት ያለ ነው። ልጁ ያቃተውን ብቻ በእርሳስ ትጽፋለች፣ የቻለው ዕለት በላጲስ ታጠፋዋለች። የሚችለውንማ ምን ብላ ትጽፈው? ልጁ ራሱ እያሳየ! ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ ባዶ የሆነ ልጅ ለእሷ አንደኛ ነው። ዘዴውን ያወጣችው ከባልንጀራዋ ጋር ነበር። ክፍሉን አብረው ከፍተው፣ በእነዚያ ድንክ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። አምና ባልንጀራዋ ትልቁ መዋዕለ ሕፃናት መዝጋቢ ሆና ሄደች። በቀደም ብቅ ብላ፣ "ወደ እኛ የሚመጡትን ልጆች ቀድሜ ልወቃቸው፣ ደብተሮቹን አውሺኝ" ስትላት እትዬ አላመነታችም። ሁሉንም አቅፋ ሰጠቻት።

ሰኞ ከሰዓት፣ ልጆቹ እንደተበተኑ፣ ጭምቷ የምትባለው ልጅ እናት ከትልቁ መዋዕለ ሕፃናት የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ ከተፍ አለች። ጭምቷ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ስትመጣ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ ብላ ስንቱን ያስጨነቀች። ደብዳቤው ልጅዎን አልተቀበልናትም ይላል። ምክንያቱም ‹ከአስተማሪዋ ደብተር የተወሰደ› ተብሎ ከሥር ሰፍሯል፦ ለማታውቀው ሰው አትመልስም። ስትናደድ ትናከሳለች። ከቡድን ጨዋታ ትሸሻለች።

"እትዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ፤ ግን እኮ..."

"አምኜ ነው የሰጠሁዎት! ፊት ለፊት 'ጎበዝ ናት' እያሉኝ፣ ዞር ስል ይህን ይጽፋሉ?"

"ስህተት ነው፣ የኔ ልጅ። ነይ፣ አብረን ሄደን እናስተካክለዋለን" አለቻት እትዬ። እውነትም ስህተት መስሏት ነበር፣ የዋህ!

ትልቁ መዋዕለ ሕፃናት ሲደርሱ እናቲቱ ኮሪደር ላይ ቀረች። መዝጋቢዋ እትዬን ስታይ ልትስማት ብድግ አለች።

"ቆይ" አለች እትዬ። "ስንቱ ጠፍቶ እነዚህ ሦስቱ ብቻ እንደቀሩ ታውቂያለሽ። ላጲሱን አብረን አይደል የያዝነው?"

"አውቃለሁ" አለች ባልንጀራዋ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር። "አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት። ለወላጅ የማሳየው በጽሑፍ የሆነ ምክንያት ፈለግሁ። አንቺ የጻፍሽውን ደግሞ ማንም አይከራከርም።"

እትዬ ክው አለች። ተሳስታ ቢሆን ይቅር ትላት ነበር። እያወቀች! ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ንፍጥ አብረው ጠርገው፣ በእትዬ በገዛ እጅ ጽሑፍ ልጅ አስባረረች።

"እንግዲያው ልጅቷን ተቀበያት!"

"ዝርዝሩ ተለጥፏል እኮ፣ እህቴ።"

"እህቴ አትበይኝ! ከዳተኛ!" ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ለእናቲቱ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ የላጲሱን ነገር፣ የባልንጀራዋን ክህደት፣ ሁሉንም።

"እሺ፣ እሷ ከዳችዎት" አለች እናቲቱ። "ግን እትዬ፣ ልጄ የምትችለውን አንዲት ነገር እንኳ የትም አልጻፉም?"

"ትችላለች እኮ! ያለቀሰ ልጅ ስታይ ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች። የሚጫወቱበትን ጭቃ ቆርሳ ታካፍላለች። ጫማዋን ራሷ ታጠልቃለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ..."

"አሁን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? እኔማ እናቷ ነኝ፣ አውቃለሁ። ለእነሱ ነበር መንገር።" ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ደረጃው ሄደች፤ ከዚያ ቆም አለች። "ከነገ ጀምሮ አላመጣትም።"

እትዬ አልተከተለቻትም። ምን ብላ ትከተላት?