አንድ የደበዘዘ ፊት

አሰገደች ዲላ ከተማ፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች። ያን ዕለት ረፋድ ላይ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለየች ሳለ፣ አጠገቧ የምትለቅመው ጀሚሊያ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችባት።

«አሴ፣ ልጅሽ ሚኒስትር ሆነች እንዴ? ፊቷን ሸፍነውላታል እኮ!»

ጠዋት በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ ቪዲዮ ነበር። በመንፈቅ ዓመቱ ከየክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ልጆች ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተደርድረው ደብተር ይሸለማሉ። የሁሉም ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ከግራ አራተኛዋ ብቻ ከአንገቷ በላይ ጉም ናት። እሷ ጎንበስ ስትል ጉሙም አብሯት ጎንበስ ይላል።

እንዲደበዝዝ የለመነችው አሰገደች ራሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ልጇን ትጊን ይዛ ከሐዋሳ የሸሸችው ባሏን ወንድይፍራውን ነው። ሁለት ጥርሷን በቡጢ አውልቆባታል። «ልጄን ይዘሽ ብትጠፊ የትም ገብተሽ አገኝሻለሁ፤ ያን ቀን ግን በጥርስ አይበቃኝም» ያላትም እሱ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ የሞያሌን መንገድ ይመላለስበታል። በወር ሁለት ጊዜ ዲላን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ ግን የሚያስጠጋት ዘመድ ያላት እዚሁ ብቻ ነበር።

«ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለች።

ጀሚሊያ እየሳቀች ማንበብ ጀመረች። «አንዱ ‹ይቺ ደግሞ ምን ሰርቃ ነው?› ይላል። ሌላው ‹የባለሥልጣን ልጅ ትሆናለች› ይላል። አንዷ እናት ደግሞ መለሰች፦ ‹ኧረ የልጄ ክፍል ናት፣ ትጊ ወንድይፍራው ነው የምትባለው።›» ቀና ስትል ሳቋ ቆመ። «ምነው አሴ? ከንፈርሽ ነጣ እኮ!»

አሰገደች ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ባጃጅ ውስጥ ሆና ዋናውን መንገድ ስታይ፣ ፊት ለፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ የእሱ መሰላት። አንዱ ጥሩምባ ሲነፋ ጎንበስ ብላ ከባለባጃጁ ጀርባ ተደበቀች።

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ የኮምፒውተር መምህሩ ሙንተሲር ቢሮው ውስጥ ነበር። ገና ወጣት ነው። ያኔ ጥያቄዋን ሲቀበል «አይዞዎት እትዬ፣ የልጅቷን አንድ ፎቶ እሰጠዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ራሱ በየቪዲዮው ፈልጎ ፊቷን ያደበዝዛል» ብሎ አጽናንቷት ነበር። ስትገባም ፈገግ ብሎ ተነሣ።

«አዩት? ልቅም አድርጎ ነው የሸፈናት!»

«መምህር፣ አጥፉት! ስሟ ተጽፏል፣ ከነአባቷ!»

ስልኩን ከፍቶ ከሥሩ ያለውን ሲያነብ ፈገግታው ከሰመ። «እርስዎ እኮ… የእሷን ብቻ ነበር ያሉኝ።»

«አዎ፣ ብያለሁ። ከዚያ ሁሉ ልጅ አንዷን ብትሸፍኑ ሰው ሁሉ እሷን እንደሚጠይቅ እኔስ መች አሰብኩት?»

ወዲያው አጠፋው።

«ስንት ሰው አይቶታል?»

«ሦስት መቶ አርባ።»

«ማን ለማን እንደላከውስ?»

«እሱን ማወቅ አይቻልም፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ፕሮግራሙን የሁሉንም ፊት እንዲያደበዝዝ አዘዘው። «ወላጆች ሊጮሁብኝ ነው። ልጃቸው ሲሸለም ፊቱን ማየት ይፈልጋሉ።»

«ይጩሁብዎት።»

በኮምፒውተሩ ላይ ፊቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሙንተሲር ሽልማቱን አልፎ እዚያው ቪዲዮ ላይ ያለውን የጠዋቱን ሰልፍ አሳያት። ያው ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ያው ቁመት፣ ሦስት መቶ ጉም። አሰገደች ከመጋዘኑ ከወጣች ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ የለቀቀች መሰላት።

«እስቲ አሁን ልጅዎን ይፈልጓት» አላት።

ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመረች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ያቻት።»

«እንዴት አወቋት?»

ልጅቷ በአንድ እግሯ ቆማ በቀኝ ጫማዋ ጫፍ የግራ ባቷን ታሻለች። ትተዋለች፤ ደግሞ ታሻለች። ወንድይፍራውም ጎማ ሲያስቀይር፣ ሻይ ሲጠብቅ፣ እሷን ከመምታቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ ልክ እንደዚህ ነበር የሚቆመው።

«አባቷ ነው እንዲህ የሚቆመው» አለች። «እኔ ካወቅኋት እሱም ያውቃታል።»

«ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም የለኝም» አለ ሙንተሲር፤ ሰልፉንም ከቪዲዮው ቆርጦ ጣለው። የጠዋቱ ቪዲዮ ግን ሰልፉን እንደያዘ ወጥቷል፣ ስሟም ከሥሩ ተነብቧል፤ አሁን በማን ስልክ ላይ እንዳለ ማንም አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ትጊን ይዛ በውስጥ ለውስጡ መንገድ ወደ ቤት ሄደች። ግቢ ገብታ በሩን ቀረቀረች።

«ትጊ፣ እስቲ እዚህ ቁሚ።»

«ለምን እማዬ?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ። በሁለት እግርሽ።»

ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ቀጥ አለች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሳታውቀው ቀኝ ጫማዋ ከመሬት ተነሣ።

«እግርሽን!»

ትጊ ደንግጣ መለሰችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ሞተር ተሰማ። አሰገደች ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። አልራቀም፤ የቆመ መሰላት።

«እንደገና» አለች በሹክሹክታ።