ሰላም ሳይል የማያልፍ ፈረስ

የሙህሲን ጉልበት ዘንድሮ እምቢ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ፈረስ ላይ መውጣት የለም» ካለው ወዲህ፣ ቡላ እያለ የሚጠራው ፈረሱ ጓሮ ታስሮ ውሎ ታስሮ ያድራል። ለመሮጥ የተፈጠረ እንስሳ እንደ በግ ሲታሰር ማየት አንጀቱን በላው። ሁለት ወር ቻለና በሦስተኛው ቆረጠ፤ ቡላ የሚጋልበው ሰው ያግኝ አለና ቅዳሜ ቆቦ ዳር ወዳለው ሜዳ ለሐራጅ ይዞት ወጣ።

የዚያ ሜዳ ደንብ የታወቀ ነው። ፈረስ ዝም ብሎ አይሸጥም፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ይሮጣል። ከፊት የገባውን ጋላቢዎች ይሻሙበታል፣ ከኋላ የቀረውን የጋሪ ባለቤቶች አሸዋና ብሎኬት ሊያስጎትቱት ይወስዱታል። ሙህሲን የፈራው ይህንኑ ጋሪ ነው። ከመዳፉ ሽንብራ እየበላ ያደገ ፈረስ ብሎኬት ሊጎትት! እሱ በቁሙ እያለማ አይሆንም!

ጋላቢ ሆኖ የቀረበለት መምህር ይሁኔ ነበር። ከጎጃም፣ ከአዊ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ እነሱ አገር ደግሞ ልጅ ከመራመዱ በፊት ይጋልባል ይባላል። ሙህሲን «ምን ልክፈልህ?» ቢለው «ኧረ ከፋዩስ እኔ ነኝ አባ! ኮርቻ ከነካሁ ስንት ጊዜዬ!» አለ። ሰው በሌለበት ማሳ ላይ ሁለት ቀን ተለማመዱ፤ ቡላ ነፋስ ሆነ።

«የሚደብቁኝ ዐመል አለው?» ብሎ ጠየቀ ይሁኔ።

«ቡላ? ምን ዐመል አለው! ከስንቱ ሰው የተሻለ ጨዋ ነው።»

እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። ችግሩ ሌላ ነበር።

የመጀመሪያው ሩጫ ተጀመረ። ስምንት ፈረስ አቧራውን አስነስቶ ወጣ፤ ቡላ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን መጣ። ሙህሲን ደስታው ጉልበቱን አስረሳው። መጨረሻው መስመር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ከተመልካቹ መሀል ጌጤ ዘላ ተነሳች። ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሙህሲን በዚያ ባለፈ ቁጥር ከፈረሱ ላይ ሆኖ ሰላም ሲላት አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። አላስቻላትም።

«ቡላዬ! እንዴት ዋልክልኝ!»

ቡላ ቀጥ አለ። ይሁኔ አንገቱ ላይ ተለጠፈ። «ቼ!» ቢለው፣ ቢኮረኩረው፣ ምን ሲደረግ! ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ ጌጤን እያየ ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቃል። የራያ ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ጤናው ተጠይቆ፣ ልጆቹ ተጠይቀው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ማሽላው ተጠይቆ፣ አንዳንዴም እንደገና ከጤናው ይጀመራል። ቡላ ከሙህሲን ጋር የኖረው እንዲህ ነው። ሰባቱ ፈረሶች ጥለውት ገቡ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የጋሪ ባለቤቶች ግን አልሳቁም፤ መጥተው የቡላን ትከሻ ይደባብሱ ጀመር።

«አባ፣ ጨዋ ነው አሉኝ እኮ!» አለ ይሁኔ አቧራውን እያራገፈ።

«ጨዋስ ነው! ሰላም ያለችውን ሴት ጥሎ ይሂድልህ?»

ይሁኔ መናደድ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው። «እንግዲያው በሁለተኛው ሩጫ ማንም ሰላም አይበለው!»

ለጎጃሜው መምህር ይህን ማለት ቀላል ነው። ሙህሲን በሕይወቱ ሰውን «ሰላም አትበለኝ» ብሎ አያውቅም፤ ከአፉም አልወጣ አለው። ጌጤ ናት ያዳነችው። ጥፋቷ አቃጥሏት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ተመልካቹን ከዳር እስከ ዳር ዞረች።

«ዛሬ ቡላን ሰላም ያለ ከእኔ ጋር ተጣላ! አፋችሁን ያዙ!»

«አብሽሪ ጌጤ፣ አንናገርም!» አላት ሕዝቡ።

ሁለተኛው ሩጫ ላይ የቆቦ ሰው ዝም አለ። ወይ ጉድ! ቅዳሜ ቀን፣ ያን የሚያህል ሰው፣ ኮቴ ብቻ ይሰማል። አፉን በመዳፉ የያዘ አለ፤ ራሷን አላምን ብላ ፊቷን ያዞረች አሮጊት አለች። ቡላ ጆሮውን ግራ ቀኝ እያዞረ የሚያናግረው ፈለገ፤ ሲያጣ ጊዜ ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ገባ። ያኔ እልልታው ሰማይ ደረሰ።

ሐራጁን ያሸነፈው ካሳ የሚባል የዋጃ ሰው ነው። ሙህሲን ዋጋውን እንኳ አልሰማም።

«ጋሪ አለህ?» አለው ካሳን።

«ጋሪ? እኔ ፈረስ የምገዛው ልጋልብ ነው እንጂ!»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙህሲን። በደንቡ መሠረት ልጓሙን በገዛ እጁ አስረከበ። ካሳ መንገድ እንዳይመሽበት ወዲያው ወጣበት።

ሙህሲን ሊሰናበት አፉን ሲከፍት ነው ነገሩ የገባው። አንድ ቃል ካለው ቡላ ይቆማል። በእሱ ድምፅ ደግሞ ከቆመ ማንም አያንቀሳቅሰውም፤ ካሳ ይጎትተዋል፣ ይናደዳል፣ ከአዲሱ ጌታው ጋር የመጀመሪያ ቀኑ በዱላ ይጀመራል። የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።

ቡላ አጠገቡ ሲደርስ ዝግ አለ። ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ። ጠበቀ። የተጣላውን ሰው እንኳ ሰላም ሳይል አልፎ የማያውቀው ሙህሲን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ። ቡላ ትንሽ አመነታና ሄደ።

የዋጃን መንገድ ይዞ ከማሽላው ማዶ እስኪሰወር ድረስ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሙህሲን ጋቢውን ከአፉ አወጣ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

«እንዴት ነህ ቡላዬ?» አለ ወደ ባዶው መንገድ። «ደህና ነህ ወይ? ጤናህስ? እግርህስ ደህና ነው?»

መምህሩ አቀረቀረ። ጌጤ ግን የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ሰላምታ ሳይመለስ እንደማይቀር ታውቃለች። ቀረብ ብላ ክንዱን ያዘችው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ ጋሽ ሙህሲን?» አለችው በቡላ ፈንታ።